የልጄን ትንፋሽ የፈራሁበት ሰሞን

ይህ የደረሰብኝ ልጄ ማህደር ለንደን በመጣች በዓመቷ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እኔ ግን ነገሩን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ስወጣ ማህደር ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ደሴ ያለችው እህቴ ናት ያሳደገችልኝ። ሰባት ሲሞላት መጣችልኝና ብሪክስተን፣ እቤታችን አጠገብ ትምህርት ቤት ገባች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ማህደር ስትጠየቅ መልስ እንደማትሰጥና የማሰብ ችሎታዋ በባለሙያ መታየት እንዳለበት ነገረችኝ። ወረቀት ሰጡኝ፤ ምን እንደሚል በቅጡ ሳይገባኝ ፈርሜ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደወለችልኝ። ማህደርን በሥዕልና በጥያቄ ፈትናታለች፤ ውጤቷ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ "ስጠይቃት ትንፋሿ በድንገት ይቆማል፣ ከዚያ ዝም ብላ ታየኛለች። አንዳንዴ የሚጥል በሽታ እንዲህ ይጀምራል፤ ሐኪም ይያት" አለችኝ።

የሀበሻ አፍ ስለምፈራ ለማንም አልተናገርኩም፤ እህቴን እንኳ ደበቅኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን እንደ ዘበኛ መጠበቅ ያዝኩ። ስትበላ አያታለሁ፣ ስትጫወት አያታለሁ። አንድ ጠዋት ካልሲዋን እያጠለቅኩላት ደብተሯን ይዛ እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገችና ዝም ብላ አየችኝ። በገዛ ዓይኔ አየሁት። መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ባለሙያዋ ቢሮ ሄድኩ። ረጋ ያለች ትልቅ ሴት ናት። ማህደር ልዩ ድጋፍ ወዳለበት ትምህርት ቤት መዛወር ሊኖርባት እንደሚችል ታስረዳኝ ጀመር። በየመሐሉ ገባሽ ወይ ትለኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አሁን ያደረግሽውን እስቲ ድገሚልኝ።"

"ምን አደረግኩ?"

"ትንፋሽሽን ሳብሽ። ልክ እንደ ማህደር።"

"አዎ ማለቴ ነበር" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ለራሴም የገባኝ። እኛ አገር አዎ ለማለት ትንፋሽ ሳብ ማድረግ ይበቃል። እህቴ እንዲያ ነው የምትመልሰው፣ እናቴም እንዲያ ነበረች። ሴትዮዋ "መልስ የለም" ብላ የጻፈችባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አሳየችኝ። ልጄ አዎ ስትል ነበር የዋለችው።

ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ፈተናውም እንደገና ተሰጣት፤ ከእኩዮቿ በምንም እንደማታንስ ተነገረኝ።

በሴትዮዋ አልተቀየምኩም፤ የእኛን ነገር ከየት ታውቀዋለች? የተቀየምኩት በራሴ ነው። እናቷ ሆኜ፣ የተወለድኩበትን ቋንቋ ከልጄ አፍ ስሰማ በሽታ መሰለኝ። ለማህደር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አማርኛ ታነባለችና ይህን ጽሑፍ ታየው ይሆናል። እሱንም እፈራለሁ።