የአሮጊቷ ግራ እግር

አባቴ ሥራዬን አድንቆ አያውቅም። ጅቡቲ ነፃ ቀጠና ውስጥ ዕቃ አስተላላፊ ትራንዚተር ሆኜ ስቀጠር እንኳ የጠየቀኝ «ቢሮው ቬንቲላተር አለው?» ብሎ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያቺን ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን መገጣጠም ስጀምር የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ «ይቺ ናት» እንዲለኝ።

አባቴ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሜካኒክ ነበር። በየቀኑ ጫት ጭና ጅቡቲ ደርሳ የምትመለስ፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ ጅራቷ መሬት የሚነካ አሮጌ አውሮፕላን ነበረች። ጫኞቹ «አሮጊቷ» ይሏታል። ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድና ከክንፏ ጥላ ሥር ያስቀምጠኛል። የእርጥብ ጫትና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ ዛሬም ይሸተኛል።

እናቴ ስትሞት አባቴን ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ስለነበር አብዛኛውን ነገር የሚያየው በጣቱ ነው። በዚያው ሰሞን ወደ አገራቸው የሚመለሱ ፈረንሳዮች ደጃፋቸው ላይ ለሽያጭ ከዘረጉት ዕቃ መሀል የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን የያዘ አንድ ካርቶን አየሁ። ላዩ ላይ ራሷ አሮጊቷ ተሥላለች። ሳልከራከር ገዛኋት።

አርብ አርብ፣ በዕረፍት ቀኔ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ቁርጥራጮቿን በወረንጦ እየያዝኩ አጣበቅኳት። ካርቶኑ ላይ እንዳለችው ብርማ ቀባኋት። አባቴ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አያትና «ይቺ ሙሽራ ናት» አለ። «የአሮጊቷ ሆድ በዘይት የጠቆረ ነበር።»

ሆዷን አጠቆርኩት።

«ከበሯ ሥር የጫቱ ውኃ ቀለሟን ልጦት ነበር።»

በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩላት። አገላብጦ ዳሰሳትና ራሱን ነቀነቀ። «ቀርባለች። ግን እሷ አይደለችም።»

«ምኗ ነው የቀረው?»

«እኔ እንጃ።»

ተናደድኩ። እሱ ያላስታወሰውን እኔ ከየት ላምጣው?

በግንቦት አንድ አርብ የመጨረሻውን ቀለም ቀባኋት። ከባሕር የሚመጣው ወበቅ አላደርቅ ቢለኝ ፀሐይ እንዲያገኛት ጓሮ ካለው ቆርቆሮ ላይ አቆምኳትና፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ተኛሁ። ስነሣ የጋለው ቆርቆሮ ግራ እግሯን አቅልጦ አጥፎታል። አሮጊቷ ወደ ግራ ተንጋዳ ቆማለች። የስንት ሳምንት ልፋቴን አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ ልጥል ስል፣ ስነጫነጭ አባቴ ሰማኝና «እስቲ አምጣት» አለ።

ጣቱ ከአፍንጫዋ ተነሥቶ በክንፏ በኩል ወረደና ጎማዋ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የታጠፈውን እግሯን እየደጋገመ ዳሰሰ።

«ግራ እግሯ አየር አይዝላትም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጧት እሞላላታለሁ፤ ከጅቡቲ ስትመለስ እንዲህ ተንጋዳ ነው የምትቆመው። ስንት ዓመት እንደታገልኳት!» ከዚያ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር። «ይቺ ናት። እንዴት አወቅህ?»

«ልጅ ሆኜ ያየሁትን አስታውሼ ነው» አልኩት።

«ጎበዝ» አለኝ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አሮጊቷ ቡፌው ላይ እንደተንጋደደች አለች። ባለቤቴ አቧራዋን በጠረገች ቁጥር እግሯን አቃናው ትለኛለች፤ በማጣበቂያ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አልነካትም። አባቴ በሕይወቱ አንዴ ብቻ «ጎበዝ» አለኝ፤ ያውም ፀሐይ ለሠራችው ሥራ። ዋሽቼ ያገኘሁት ቢሆንም አልመልሰውም።