ታንካችንና የጄሶው በረዶ

ሣጥኑ የመጣው ከእርዳታ ልብስ መሀል ነው። በዚያ በረሃብ ዘመን፣ ሱዳን ውስጥ ከዶካ ከተማ ወዲህ ወዳለው የስደተኞች መጠለያችን የሚላከው ልብስ ጉድ ነበር። ጥላ ፍለጋ በምንሯሯጥበት አገር ጠጉር የተለበጠ ካፖርት፣ የሱፍ ጓንት፣ እስከ ጆሮ የሚወርድ ቆብ ይመጣልናል። እኔ የክሊኒኩ አስተርጓሚ ስለነበርኩ ጥቅሉ ሲፈታ እዚያው ቆሜ ነበር። ከአንድ የልጅ ካፖርት ውስጥ የካርቶን ሣጥን ዱብ አለ። ክዳኑ ላይ፣ ነጭ በነጭ በሆነ ሜዳ መሀል የቆመ ታንክ ተሥሏል። ውስጡ ያልተገጣጠሙ የፕላስቲክ ብልቶች ነበሩበት።

ፈረንጁ ሐኪም ሲያየው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “እኛ አገር ክረምት ሲሆን ልጆች ቤት ተቀምጠው የሚገጣጥሙት ነው። ውሰደው” አለኝ።

ወሰድኩት። ዝናቡ ገብቶ ያ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሊጥ ሆኗል፤ ሎሪም ሆነ አውቶቡስ አያልፍም። ባለፈው በጋ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው ረግፎብን ነበር። አሁን ሞቱ ጋብ ብሎ፣ የተረፍነው ደግሞ እጃችን የሚይዘው አጥቶ ነበር።

የምኖረው ከአክስቴና ከልጇ ጋር ነው። አክስቴ ተወልዳ ያደገችው ስሜን ተራራ ላይ ነው። ልጇ ወታደር ነበር፤ ከታንክ ክፍል ጠፍቶ ነው ሱዳን የገባው። ሣጥኑን ሳሳየው ደረቱን ነፋ።

“ይኼን ለኔ ተወው። ስንት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው።”

ብልቶቹን ሰሌን ላይ ዘረገፍናቸው። አንዷን ቁራጭ አንስቼ የት እንደምትገባ ጠየቅኩት። አገላብጦ አያትና “ይቺ ከውጭ ናት” አለኝ።

“እሺ፣ ከውጭ የቱ ጋ?”

“እኔ አጉራሽ ነበርኩ። ጥይት ነበር የማጎርሰው። ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ሲቆም እወጣለሁ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ዞሮ ግድግዳውን ያያል እንዴ?”

እንግዲህ በሥዕሉ እየተመራን ገጠምነው። አብሮት የመጣው ማጣበቂያ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር ከግራር ዛፍ ሙጫ ለቅመን በሞቀ ውኃ አላቆጥነው። ሙጫው በቀትር ይይዛል፣ ዝናብ ሲመጣ ይለቃል። ጧት ስንነሣ የታንኩ አናት ተንሸራቶ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ እናገኘዋለን። ይድረቅ ብለን ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ደግሞ አፈሙዙ ሙቀቱን አልቻለም፤ ጎብጦ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችውና “ምን ሆኖ ነው የተከዘው?” አለች።

ቀጥሎ ታንኩ የሚቆምበት ሜዳ ተራ መጣ፤ ለሱ አንድ ጣውላ አገኘን። ለአክስቴ ሐኪሙ እንዳለኝ የክረምት ታንክ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። ሥዕሉን ተቀብላ ብዙ አየችው።

“ክረምት ከሆነ ጭቃው የታል?”

“የነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ አክስቴ።”

“በረዶማ እኛም ነበረን። ታዲያ ይሄ እላዩ ላይ የቆመው ሰውዬ ጋቢ የለውም?”

ጋቢ እንዲኖረው ካልተደረገ አልተባበርም አለች። ከፋሻ ቁራጭ ቆርጣ ታንኩ ላይ የሚቆመውን የፕላስቲክ ሰውዬ ራሷ አከናነበችው። የታንክ አዛዡ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው መሰለ።

በረዶውን ከምን እንሥራው? ልጇ የዱቄት ወተት ይሻላል ብሎ ገና አፉን ሳይዘጋ አክስቴ ማማሰያዋን አነሣች።

“የሕፃን ምግብ? መሬት ላይ? እስቲ ድገመው!”

አልደገመውም። እኔም ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ። ከዚያ ጨው ሞከርን። ሲነሰንሱት ያምራል፤ አየሩ እርጥብ ስለነበር ግን በማግስቱ ጣውላችን ላይ ውኃ ብቻ ቀረ። ልጇ “ቀልጧል! እውነተኛ በረዶ ነው!” እያለ ጨፈረ። በመጨረሻ ሐኪሙን ለመንኩትና ስብራት ከሚጠገንበት ጄሶ የከረጢት ግርጌ ሰጠኝ። በውኃ ለውሰን ጣውላው ላይ አፈሰስነው። አክስቴ በጣቷ ጉብታና ሸለቆ አወጣችለት፤ ታንኩንም ሳይደርቅ መሀሉ ላይ ተከልነው።

የዚያኑ ዕለት ልጇ ውኃ ወረፋ ላይ ሄዶ በታላቅ ድምፅ “ታንኩ አለቀ! አፈሙዙን ማቃናት ነው የቀረን!” ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። ማን ሰምቶ ለማን እንዳደረሰው አላውቅም። ብቻ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ የፖሊስ መኮንን ሁለት ወታደር አስከትሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። በዐረብኛ ነበር የሚያወራው።

“ደባባዋ የት ናት?”

ደባባ ማለት ታንክ ነው። ያክስቴ ልጅ ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። የቤታችንን ጓሮ ወታደሮቹ ዞሩት፤ የሣር ክምሩን በዱላ ወጉት። አክስቴ ግን “ምን ጠፋቸው?” ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት።

“ታዲያ ምን ታስለፋቸዋለህ? ከዶካ ድረስ በጭቃ ለመጡ ሰዎች አታሳያቸውም?” አለችና ገብታ ጣውላውን አወጣችው። በነጠላዋ ሸፍናው ነበር። መኮንኑ እግር ስር አስቀምጣ ገለጠችው።

ወታደሮቹ መኮንኑን ያያሉ፣ እሱ ታንኩን ያያል። ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

“አፈሙዟ ምን ሆናለች?”

“ፀሐይ ነው፣ ጌታዬ” አልኩት።

“በዚህ ምን ልትመቱ ነው? ጉንዳን?” አለና ሳቁ መጣ። ወታደሮቹም ፈቃድ እንዳገኙ ሁሉ አብረው ሳቁ። ከዚያ ጣቱን ሰዶ ነጩን ዳሰሰ።

“ይሄስ?”

“ተልጅ ነው” አልኩት፤ በረዶ ማለት ነው በነሱ ቋንቋ።

“ዋላሂ? ተልጅ እኔ ከሎሚ ውኃ ውስጥ በቀር አይቼ አላውቅም። ሰው ይኖርበታል?”

አክስቴ ጥያቄውን ስተረጉምላት ቀና አለች። “ይኖርበታል በለው። እኛ ኖረንበታል። ገብስም ይበቅልበታል።” መኮንኑ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ሻይ ጠጣ፣ እግሩን ታጠበ። ሲነሣ ግን አንድ ነገር አሳሰበው። የታዘዘው ታንኩን ይዞ እንዲመጣ ነው፤ ባዶ እጁን እንዴት ይግባ? ታንኩን ከነጋቢ ለባሹ ከጄሶው ፈልቅቆ ከኪሱ ከተተ። በረዶውን ተወልን።

ሳይሄድ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። ወደ አክስቴ ልጅ አመለከትኩና “አገሩ ላይ ታንክ ውስጥ ነበር የሚሠራ” አልኩ። መኮንኑ ዓይኑ በራ። ባሱንዳ አካባቢ እርሻ ያለው አማቹ የትራክተር ነጂ አጥቶ ተቸግሯል። መንዳት ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ለአክስቴ ልጅ ተረጎምኩለት፤ ያለማመንታት “ይችላል በለው” አለኝ። እጅግ ሲርበው እንዲህ ያለ ድምፅ ነበር የሚያወጣ። እኔም “ይችላል” አልኩ።

ሄደና የመጀመሪያውን ቀን ትራክተሩን በእሾህ አጥር አሳልፎ ከጎረቤት ማሽላ መሀል አቆመው። ባለ እርሻው ግን ታንክ የለመደ ሰው ስለሆነ ነው፣ አጥር አይታየውም ብሎ ማረው። ቀስ በቀስ ለመደ። አዝመራው ሲሰበሰብ ጆንያ ማሽላ ጭኖ እናቱን ሊወስድ መጣ።

ባዶው በረዶ እስከዚያ ድረስ ደጃችን ነበር። አክስቴ በታንኩ ፈንታ የጭቃ በሬዎች ጠምዳ አቁማበት ነበር። ከስሜን የመጡ ሽማግሌዎች እየመጡ ይቀመጡና በሬዎቹ ጠበው ነው የተጠመዱ፣ ቀንበሩ አጥሯል እያሉ ይከራከሯት ነበር። እሷም አልተሸነፈችላቸውም። ልጇ መጥቶ ትራክተሩ እየተንደቀደቀ ሲጠብቃት እንኳ፣ ከአንዱ ሽማግሌ ጋር የጀመረችውን ሙግት ሳትጨርስ አልወጣ አለች።