ከጋቢው ስር ያለውን ማወቅ

የያዙኝ ቦንጋ መናኸሪያ ነው፣ ከጅማ አውቶቡስ ስወርድ። ከምርጫው በኋላ ነበር፤ እኔም ስለ ምርጫው አፌ አላርፍ ብሎኝ ነበር። ሻንጣዬ ሲፈተሽ ግን ውጭ አገር በምማርበት ዩኒቨርሲቲ የጀመርኩት ጥናት ወጣ። ርዕሱ ላይ «ኑክሌር» የምትል ቃል አለች። የምርጫው ነገር ወዲያው ተረሳ።

«ቦምብ አይደለም፤ ዝቅተኛ ኃይል ነው» አልኩት መርማሪውን።

«ከፍተኛውንስ ማን ጋ ደበቅከው?»

ሳቄን ዋጥኩት።

ያሰሩኝ ክፍል እርጥብ ጭቃና ላብ ይሸታል። በእስረኞቹ ደንብ መሠረት አዲስ ገቢ ቆሞ የታሰረበትን ይናገራል። ተናገርኩ። አጠገቤ የነበሩት ምንጣፋቸውን ሰብስበው ሸሹኝ።

በማግስቱ መርማሪው የእስረኞቹን አለቃ፣ ካቦውን አስጠራቸው። ከደካ ከተማ የመጡ ማር ነጋዴ ናቸው። ሲመለሱ አልደበቁኝም።

«ቦምብ ሲያስተምር ሰማሁ ብለህ መስክር፣ ትፈታለህ አሉኝ። ልጆች አሉኝ፣ ወንድሜ። እስቲ ሥራህን አሳየኝ።»

እንዳልኳቸው ሁለት እስረኞች ጋቢ ወጥረው ከወለሉ ስንዝር ከፍ አድርገው ያዙ። ፊቴን ሳዞር ካቦው ከስሩ አንድ ነገር ደበቁ። ከቤት ከመጣልኝ ቆሎ አተር አተሩን ለቅሜ ከጋቢው ስር አንከባለልኩ። አንዷ ቀጥ ብላ አለፈች፣ አንዷ ተጣማ ወጣች፣ አንዷ ወደ እኔ ተመለሰች። ደጋገምኩት። ላብ አጠመቀኝ።

«ክብ ነገር ነው። ጣሳ መሰለኝ።»

ጋቢው ተገለጠ። ጣሳ ነው።

«እኛም በዓይን የማይታይ ነገር ላይ ከሱ ያነሰ ነገር በማሽን እንልካለን። አመላለሱን አይተን ውስጡን እናውቃለን። የቦምብ ሥራው ማፍረስ ነው፤ እኛ ማየት ነው የምንፈልገው።»

ካቦው ጣሳውን አንስተው አገላበጡት። የሸሹኝ ሰዎች እኔ ልሞክር እያሉ አተሩን ተሻሙ።

ከሰዓት መርማሪው በሩ ላይ ቆመ። «እህ፣ ቦምብ ያስተምራል?»

ካቦው ቀስ ብለው ተነሡ። «አተር ማንከባለል ነው፣ ጌታዬ። ይግቡና ይሞክሩት።»

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። መርማሪው አልሳቀም። «መፈታትህን በገዛ እጅህ አበላሸኸው።»

«ልጆቼ ይጠብቁኛል» አሉና ምንጣፋቸውን ከእኔ ምንጣፍ አጠገብ አነጠፉ።

ከዚያ ክፍል አንድም ምስክር አልተገኘም፤ የቦምቡ ክስ ወድቆ ተፈታሁ። አሸነፍን፤ ደስታው ዛሬም አልበረደልኝም። አሁን በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ያ የነገርኳቸው ማሽን፣ አክስለሬተሩ፣ ባለበት ላብራቶሪ አስተምራለሁ። ዶክትሬቴን ያጸደቁልኝ ፕሮፌሰሮች አጨብጭበው ወደየቤታቸው ሄዱ። ካቦው ግን ለሥራዬ መስክረው ክረምቱን ሙሉ ታሰሩበት።