ለግራ እጅ የሠራኋቸው ቦርዶች

ሚዛን ከተማ ሬዲዮ ስጠግን ነው ያረጀሁት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በላይ የለኝም። ይህን ስጽፍ ሸዋ ቤንች ወረዳ የምታስተምረው ልጄ ፊደሉን ታርምልኛለች። ነገሩን ግን እንዳትነካ ነግሬያታለሁ።

ባለቤቴን አምና በክረምት ግራ ጎኗን ያዛት። እግሯ በምርኩዝ ተመለሰ፤ እጇ ቀረ። ድሮ ቴፒ ቡና ማበጠሪያ ቤት ለቃሚ ነበረች። ጥቁሩን ፍሬ ከጥሩው ስትለይ ጣቶቿን በዓይን መከተል አይቻልም ነበር። አማን ሆስፒታል ወስጄ ያሳየኋት የጤና ባለሙያ «ጣቶቿን እየዘረጋች በየቀኑ ታሠራቸው» አለችኝ። እኔ «ታሠራቸው» የሚለውን ያዝኩ። ኳስ ገዝቼ ጨምቂ ብላት «ሕፃን አደረግኸኝ?» ብላ ወረወረችው። የወረወረችው በቀኝ እጇ ነው።

ልጃችን ለእረፍት ስትመጣ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ውስጡ ጌም አለው። ከላይ በአራት መስመር ፍሬ ይወርዳል፤ ለየመስመሩ አንድ ቁልፍ አለ፤ ፍሬው መሬት ሳይደርስ ቁልፉን መንካት ነው። ባለቤቴ በቀኝ እጇ ሞከረችና «ይሄማ ለቀማ ነው» አለች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በግራዋ ግን አልሆነም፤ የላፕቶፑ ቁልፎች ትንንሽ ናቸው፣ አንዱን ስትል ሦስቱን ትጫናለች።

«እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

ቦርድ መሥራት ከባድ አይደለም። መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ ላይ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ በጥፍር ቀለም ትስላለህ። አሲድ ውስጥ ስትከተው ያልተቀባው መዳብ ይበላል፣ የተቀባው ይቀራል። ቁልፎቹን ትበይዳለህ፤ ከአሮጌ ኪቦርድ ካወጣኸው ትንሽ ቦርድ ጋር ታገናኛለህ፤ ላፕቶፑ ኪቦርድ የተሰካ ይመስለዋል። የእኛ አገር እርጥበት መዳቡን ስለሚያሻግተው ላዩን ከሸኮ በመጣ የማር ሰም እሸፍነዋለሁ። አንድ ጊዜ ሰሙን ሳላነጥር ቀብቼ ውስጡ የቀረው ማር ጉንዳን ጠራብኝ። ሙሉ ቀን ጉንዳን ሳራግፍ ዋልኩ።

የመጀመሪያውን የሳልኩት የራሴን እጅ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ነው። እጅ ያው እጅ ነው ብዬ። ትንሿ ጣቷ ቁልፉ ጋ አልደረሰችም።

«ለማን ነው የሠራኸው?» አለችኝ።

«ላንቺ።»

«እንግዲያው የሚደርስ እጅም ሥራልኝ።»

ሁለተኛውን የእሷን እጅ ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ ሠራሁት። ሆነላት። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ትቀመጣለች። ጎረቤት ሴቶች ሊያዩ ይመጡ ጀመር። አንዷ «እትዬ፣ ይቺን ለቀማ ለእኛም አስተምሪን» ስትላት፣ «አንቺ መጀመሪያ ሽሮ ሳታሳርሪ መሥራት ተማሪ» አለቻት። ምላሷን በሽታው አልነካውም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ትንሿ ጣቷ ቁልፉን መሳት ጀመረች። ባለቤቴ ተናደደች፤ ልትተወው ነው ብዬ ፈራሁ። ያን ቁልፍ አስጠግቼ ሦስተኛ ቦርድ ሠራሁ፤ መልሳ መልቀም ያዘች። ቀጥላ የቀለበት ጣቷ ሳተች። አራተኛውን ይበልጥ አጠበብኩት፤ አራቱ ቁልፎች ከክብሪት ቀፎ ብዙ አይበልጡም። በዚያ ቦርድ ከዚያ በፊት አግኝታ የማታውቀውን ነጥብ አገኘች። ዳነች አልኩ።

ለባለሙያዋ ላሳያት ቦርዱን በፌስታል ይዤ አማን ሄድን። ባለሙያዋ የባለቤቴን እጅ ተቀብላ ጣቶቿን ልትዘረጋ ሞከረች። አልተዘረጉም። ባለቤቴ ከንፈሯን ነከሰች። ባለሙያዋ ቀጥላ ቦርዱን አገላብጣ አየችው።

«አባባ፣ መጀመሪያም እንዲህ የተጠጋጉ ነበሩ?»

«የለም። እጇን እየተከተልኩ አስጠጋኋቸው።»

«እኔኮ እንድትዘረጋቸው ነበር ያልኩዎት» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያ «እጃቸው ያለዚህ ቦርድም እየተጨበጠ ሊሄድ ይችል ነበር» ብላ ጨመረች። እውነቷን ይሁን ለሽማግሌ አዝና፣ አላውቅም።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት እንደገባን ሁለተኛውን፣ ሰፊውን ቦርድ ከሣጥን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጎተትኩ ቁልፎቹ ላይ ላሳርፍ ስል «ተው» አለች።

«ባለሙያዋ ያለችውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ አንተ ሰውዬ፣ እየለቀምኩ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ደስታዬንም ልትወስድብኝ ነው?»

ጣቶቿን ለቀቅኋቸው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሬ እጇን እጠቀልልላታለሁ፤ ከዚያ ጣቶቿን እዘረጋለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስለቃቸው ተመልሰው ይጨበጣሉ። ሰፊውን ቦርድ ባቀርብላት አትነካውም፤ «ጠባቡን አምጣ» ትላለች። መስጠቱ እንደሚጎዳት አውቃለሁ። አመጣላታለሁ።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠባቡንም መሳት ጀምራለች። ትናንት «ቁልፉን ትንሽ አስጠጋው» አለችኝ።

«አላስጠጋውም» አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ጨርቁን ነክሬ ስመጣ እጇን ከጋቢው ሥር አላወጣችም። ጨርቁ እስኪበርድ ቆሜ ጠበቅኋት።