የተደፈኑት ቀዳዳዎች

ባለፈው ክረምት የተከራየሁትን ቤት ስከፍት የታፈነ እርጥብ እንጨት ሽታ ተቀበለኝ። ቁልፉን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ ከሚሴ ላይ ጎረቤታችን የነበሩትን ግንበኛ፣ አባ ይመርን አስታወስኩ።

ቀጭን ነበሩ፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ የግንብ ቀጥታ የሚለኩበት ቱምቢያቸው ከኮታቸው ኪስ የማይጠፋ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ስንመጣ የተከራየነውን ቤት በወጣትነታቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከጨፋ ረግረግ የሚመጣው እርጥበት እንዳይጎዳው ብለው የጣውላውን ወለል በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ አድርገውት ነበር። ከሥሩ ነፋስ እንዲገባም በመሠረቱ ዙሪያ ጡብ ጡብ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ትተዋል።

እኔ እነዚያን ቀዳዳዎች እፈራ ነበር። በአንደኛው እባብ ሲገባ አይቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ገበያ ስትሄድ አሮጌ ቢጫ ቀሚሴን ቀድጄ እየወተፍኩ፣ ጭቃ እየመረግሁ ሁሉንም ደፈንኳቸው። ለማንም አልተናገርኩም።

ክረምቱ ገባ። የግድግዳው ሥር ጠቆረ፤ አልጋ ሥር የተቀመጠው የአባቴ ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። የሦስት ዓመቷን እህቴን ራሔልን ሳል ጀመራት፤ ቆይቶ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ጤና ጣቢያ ተመላለስን። እናቴ ብርዱ ነው ብላ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋ ነበር።

አባ ይመር ራሔልን ሊጠይቋት መጡና ገና ከመግባታቸው ቆም ብለው አሸተቱ።

«ይሄ ወለል በስብሷል» አሉት አባቴን። «ልጅቷ የምትተነፍሰው ሻጋታ ነው።»

ሁለት ጣውላ ሲነሣ ከሥር ያሉት አግዳሚዎች እንደ ጥጥ ነጭ ሻጋታ ለብሰው ታዩ። አባ ይመር ባትሪያቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ፤ ከመሠረቱ ሥር በርከክ ብለው ከአንዱ ቀዳዳ ጨርቅ ጎትተው አወጡ። ቢጫ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምንድነው የደፈነው?» አለ አባቴ ከኋላዬ።

ሰላታቸውን የማያጓድሉት ሰው ጨርቁን በመዳፋቸው ሸሸጉ። «ጭቃ ነው፤ ጎርፍ ያመጣው» አሉና ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱት።

ሦስት ቀን ሠሩ። የበሰበሰውን እንጨት ለወጡ፤ እርጥቡን አፈር ጠርገው ላስቲክ አነጠፉ፤ የጣሪያው ውኃ የሚሄድበት ቦይ ከጓሮ ቆፈሩ። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ ላይ ወንፊት ሽቦ ሲመቱ ጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እባቡን ፈርተሽ ነው?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«በዚህ ነፋስ ያልፋል፤ እባብ አያልፍም። ሌላ ጊዜ ስትፈሪ ንገሪኝ።»

ራሔል ከዚያ ክረምት ተረፈች። ደረቷ ግን እስከ ዛሬ ደህና አይደለም፤ የሚነፋ መድኃኒት ከቦርሳዋ አይጠፋም። አባ ይመር እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሞቱ፤ ምሥጢሬን ይዘው ሄዱ።

እኔን ያዳነኝ ዝምታቸው ግን እናቴን አላዳናትም። ራሔልን ባመማት ቁጥር «መስኮት እየዘጋሁ ልጄን ያበላሸሁ እኔ ነኝ» ትላለች። ባለፈው ክረምት ያን የተከራየሁትን ቤት በከፈትኩ በሳምንቱ እሷ ወዳለችበት ወደ ደሴ ሄድኩ። ምስር ስትለቅም ሁሉንም ነገርኳት።

መልቀሟን አቆመች።

«ሃያ ዓመት» አለች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ እጄን ያዘች።