ዋንጫ ስንበላ እመጣለሁ

ኳስ አልወድም። ጆበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን የሰቀልኩት ጨዋታ ባለ ቀን ደንበኞቼ እየተነሱ መንገዱን ተሻግረው ሶማሌው ቤት ስለሚሄዱብኝ ነው። ከሰቀልኩት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ይሞላል። እነሱ ይጮሃሉ፣ እኔ ክትፎዬን እከትፋለሁ። ተስማምተን እንኖራለን።

ከደንበኞቼ ሁሉ ልቤ ለአንዱ ያደላ ነበር። ቮስሎሩስ በሚባል ሎኬሽን፣ ከከተማው ወጣ ባለ የጥቁሮች ሰፈር ሱቅ ያለው፣ እንደ እኔው የስልጤ ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል። ዘራፊ ስለሚፈራ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና የስልክ ኤርታይም ሲሸጥ ይውላል፣ ማታ እዚያው ከዕቃው ጋር ይተኛል። ቅዳሜ ዕቃ ሊገዛ ከተማ ሲመጣ እኔ ጋ ይበላል፣ ጨዋታ ያያል፣ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል።

እናቱ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። "ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣው?" ይሉታል። እውነቱን መናገር አልቻለም። የያዘው የጥገኝነት ፔፐር ከአገር እስካልወጣ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። ከወጣ መመለሻ የለውም፣ ሱቁም ልፋቱም እዚህ ይቀራል። ይህን ለእናት በስልክ እንዴት ያስረዱታል? እሱ ግን መላ አገኘ። የሚደግፈው የአውሮፓ ክለብ ትልቁን ዋንጫ በዕድሜው በልቶ አያውቅም። "እማ፣ ክለባችን ዋንጫ ሲበላ እመጣለሁ" አላቸው። ቀን የማይቆረጥለት ቀጠሮ ነበር።

እናት አመኑ። ከሰላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ለነዚያ የማያውቋቸው ተጫዋቾች ዱዓ ያደርጉ ጀመር። በየሳምንቱ "እነዚያ ልጆች ደህና ናቸው? አሁንስ ምን ነካቸው?" እያሉ ይጠይቃሉ። እሱ ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም ስቄአለሁ። ሌላውን ከመናገሬ በፊት ይህንን መናገር አለብኝ።

ቀጠሮው በተያዘ በዘጠነኛው ዓመት ክለቡ ሳይታሰብ ለፍጻሜ ደረሰ። ቅዳሜ ሊጫወቱ ሐሙስ ዕለት እናቱ ሞቱ። ከአገር የተደወለው ለእሱ ሳይሆን ለሐጂ ነው። ሐጂ በዕድሜም በእምነትም እዚህ ላለነው የአገሬ ሰዎች አባት ናቸው። አርብ ከጁምዓ በኋላ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ሆነው ምግብ ቤቴ ጓዳ ውስጥ ለምክር ተቀመጡ።

"አሁኑኑ ሱቁ ሄደን እንንገረው" አሉ ሐጂ።

እኔ እምቢ አልኩ። እምቢ የምልበት ምክንያት ነበረኝ። ምግብ ቤቱን ከመክፈቴ በፊት እኔም ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ነበረኝ። አንድ ቀን ለደንበኛ ዳቦ ሳቀብል ስልኬ ጮኸ፤ አንድ የሩቅ ዘመዴ "አባትሽን አላህ ይማራቸው፣ ጠና በይ" አለኝ። የሰማሁ መስሎት ነው። አልሰማሁም ነበር። ዳቦውን ልትገዛ የቆመችው አሮጊት፣ እዚያ ጎጎ የሚሏት ዓይነት፣ እጇን በፍርግርጉ አሾልካ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ግን አልለቀቀችኝም። ለቅሶዬን እስክጨርስ ድረስ ብረቱ በመካከላችን ነበር።

"እሱ በፍርግርግ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አይሰማም" አልኳቸው። "በወጉ ይነገረው። ቅዳሜ ለጨዋታው ራሱ ይመጣል። አበላዋለሁ፣ እዚሁ ያድራል። ያጎቱም ልጅ ከፖሎክዋኔ ከተማ ማታ ይደርሳል። እሁድ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ሁላችሁም ገብታችሁ ትነግሩታላችሁ።"

ከነጋዴዎቹ አንዱ "ጨዋታውስ? ቢያሸንፉስ?" አለ።

"ዕድሜ ልካቸውን ያላሸነፉ ነገ ያሸንፋሉ?" ብዬ አፉን አስያዝኩት። ሐጂም ተስማሙ። ኳስ የማልወድ ሴት ስለ ኳስ ፈረድኩ፣ አፌን በቆረጠው።

ያኑ ዕለት አንድ ጓደኛው ቮስሎሩስ ድረስ ሄዶ ስልኩን ወሰደበት። ዓመት ሙሉ ተሰንጥቆ የኖረ ስክሪን ነው፣ "ላስቀይርልህ" አለው። ፌስቡክ ላይ የሐዘን ጽሑፍ እንዳያይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። የጆበርግ ብርድ ገና መግባቱ ነው፤ ከወፍራም ጃኬቱ ሥር የክለቡን ማሊያ ለብሷል። ገና ከበር፦

"እትዬ፣ ስልክሽን አንዴ። እማ ስትደውል ታጣኛለች። ከጨዋታው በፊት ዱዓዋን ልስማ" አለኝ።

"ኤርታይም የለኝም።"

"ሃይቦ! ምግብ ቤት እያለሽ?"

"ቁጭ በልና ብላ" አልኩት፤ ድምፄ ከሐሳቤ በላይ ጮኸ።

ክትፎ በአይቤ፣ ትኩስ ቆጮ፣ የቀረኝን ሁሉ አቀረብኩ። እህል ሳይቀምስ ለሰው መርዶ አይነገርም፤ ያ ወግ ነው። ሐዘንተኛ ከሰማ በኋላ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ስለዚህ ቀድሞ ይበላል። አጠገቡ ቆሜ እያንዳንዱን ጉርሻ አየሁ። ሲያቆም "ጨምር" አልኩት። እኔው ራሴ ጠቅልዬ አጎረስኩት።

"ምነው እትዬ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ አበላሽኝ?" ብሎ ሳቀ።

ጨዋታው ያን ቀን ቀደም ብሎ አመሻሹ ላይ ነበር የሚጀመረው። ቤቱ በሱ ክለብ ደጋፊዎች ሞልቷል፣ ሁሉም ያውቃል። እሱ ብቻ አያውቅም። እኔ በሆዴ መብራት እንዲጠፋ ለመንኩ፤ ሌላ ጊዜ በየሰበቡ የሚጠፋው መብራት ያን ዕለት ቀጥ ብሎ በራ። በዕረፍት ሰዓት ወንዶቹ ጓዳ ገብተው የማታውን የኢሻ ሰላት ሰገዱ። ሐጂ በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው "ወደ አኺራ ለሄዱት እናቶቻችን አላህ ይዘንላቸው" አሉ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ "አሚን" ያለው እሱ ነው። ከበሩ ሥር ሆኜ ሰማሁት። ያን አሚን ዛሬም ስሰማው ያመኛል።

አንድ ለአንድ ተለያዩ። ተጨማሪው ሰዓትም አለቀ፣ መለያ ምት ሆነ።

ይህ ሰው ፔናሊቲ አያይም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ያስጠፋኛል፣ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ በጠረጴዛዎቹ መሃል ይቆማል፣ የኛን ፊት ያያል። በአፍ መንገር ክልክል ነው። ቢገባም ቢስቱም የሚያውቀው ከፊታችን ነው። ሁልጊዜ የምንስቅበት አመሉ ነበር፤ ሁለት ቀን አስቤ ያቀድኩት እኔ ግን ይህን ረስቼዋለሁ። ዘወር ብሎ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ሲያየን ነው ትዝ ያለኝ።

ሃያ ሰው ፊቱን የሚያኖርበት አጣ።

ሁሉም አንድ ነገር ይመኝ እንደነበር በኋላ ተነጋግረናል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚደግፉት ክለብ እንዲሸነፍ ነበር የሚለምኑት። ቢሸነፍ ተናዶ ይተኛል፣ መርዶውም ያዘነ ሰው ያገኛል። ቢያሸንፉ ግን "ወደ እናቴ እሄዳለሁ" ብሎ ሲጨፍር ሊያድር ነው።

የነሱ ሰው መታ፣ ገባ። የኛ መታ፣ ገባ። ማንም አልተነቃነቀም።

"ሳተ?" አለ።

"ገባ" አለው አንዱ፣ ክልክል መሆኑን ረስቶ።

"ታዲያ ምን ሆናችሁ?"

"ፈርተን ነው።"

እሺ ብሎ ቆመ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንዲሁ አለፈ። ፊታችንን አንድ በአንድ እየዞረ ያያል፣ ግራ እንደገባው ያስታውቃል። በአራተኛው የነሱ ሰው ኳሷን ወደ ላይ ሰደዳት። ሌላ ቀን ቢሆን ጣራዬ ይነሳ ነበር። ከፊት የተቀመጠው ስልኩን የወሰደበት ጓደኛው መዳፉን አፉ ላይ ጫነ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። የኛ ግን አልሳተም። በአምስተኛው የነሱ ሰው አገባ፤ ቀጥሎ የኛ የመጨረሻው መቺ ኳሷን አስቀመጠ። ቢያገባ ዋንጫው የኛ ነው። እኔ ኳስ የማላውቀው ሴት እንኳ "ሳት፣ ሳት፣ ሳት" እል ነበር በልቤ።

ገባች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኛ ብቅል አንቀምስም፤ የኛን ያወጣው ኳስ ነው። ጓደኛው ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

"ተሸነፍን?" አለ እሱ።

ያን ጊዜ ማዶ ሶማሌው ቤት ጩኸቱ ፈነዳ። የመኪና ጡሩምባ ተከተለ። ዞሮ ስክሪኑን አየ፤ ተጫዋቾቹ ያለ ድምፅ እየሮጡ እርስ በርስ ይተቃቀፋሉ። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ዘለለ። አንድ ጊዜ ብቻ። "እማ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወደኛ ዞረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ዋንጫ የጠበቁ ሰዎች ተቀምጠው መሬት ያያሉ።

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ።

ሐጂ ብድግ አሉ። "ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ።"

አልተቀመጠም፣ እሳቸውንም አላያቸውም። እኔን ነው ያየኝ።

"እትዬ፣ ለዚህ ነው ያበላሽኝ?"

"አዎ" አልኩት። እናቱን አልጠራሁም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ማሊያውን ወደ ፊቱ ስቦ ሸፈነ። ወንዶቹ ሁሉ ከወንበር ወርደው ዙሪያውን ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። እኛ እያለቀስን ዋንጫው ከራሳችን በላይ ተነሳ።

ያጎቱ ልጅ ሲደርስ ሁሉ አልቋል። ሦስት ቀን ለቅሶው ምግብ ቤቴ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ሐዘንተኛው ተነስቶ "አገሬ እገባለሁ" አለ።

ሐጂ በቀስታ መከሩት። "ቀልድ ነበርኮ ልጄ። በዚህ አላህ አይጠይቅህም። ቀብሩም አልፏል። ከወጣህ መመለሻ የለህም።"

"ለእኛ ነው ቀልድ የነበረው፤ ለሷ አልነበረም" አለ። "ዘጠኝ ዓመት ዱዓ አድርጋበታለች ሐጂ። ዱዓዋ ደረሰ። እኔ ልቅር?"

ሱቁን ላጎቱ ልጅ ተወለት። አንድ ሻንጣ ይዞ በሁለተኛው ሳምንት ሄደ። በሩ ላይ ሲሰናበተኝ ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ "ጃኬትህን ዝጋ፣ ይበርድሃል" አልኩት።

ወር ሳይሞላ ደወለ። መቃብራቸው ጋ ሄዶ ዋንጫው መበላቱን እንደነገራቸው አወራኝ። ከዚያ ስለ ቤቱ ነገረኝ። ለፍጻሜ አለፍን ያላቸው ሳምንት እናቱ ሰው ጠርተው የድሮ ክፍሉን አስለስነዋል። አዲስ ፍራሽ ገዝተዋል። ፍራሹ ከነላስቲኩ አልጋው ላይ ጠበቀው።

"ጎረቤት ሁሉ 'ምነው ቸኮልሽ፣ ገና አላሸነፉ' ብሏት ነበር አሉ" አለኝ። "ላስቲኩን እኔ ቀደድኩት። እዚያ ላይ ነው የምተኛው።" ከዚያ ቀጠለ። "እትዬ፣ ያን ማታ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮኮ አልመጣም ነበር። ይህን ሁሉ ሳላይ እቀር ነበር። እንኳን አሸነፍን።"

"እንኳን አሸነፋችሁ" አልኩት።

ያን ማታ ሃያ ሆነን እንዲሸነፉ እንደለመንን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።