ጊንጥ የሰፈረበት የአቶ ዓምሃ ድንጋይ

ቁስቋም ቁልቁለቱ ላይ ያለው የእትዬ የዓለምወርቅ ግቢ ጊንጥ አያጣውም። እርሳቸው ለእንግዳ ሲናገሩ «አልፎ አልፎ» ይላሉ። ጎረቤታቸው ነኝና ልመስክር፤ አልፎ አልፎ አይደለም።

ዘንድሮ ነገሩ የከረረው ልጃቸው ናዝሬት በማርገዟ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው እናት ቤት ነው፤ እትዬ የዓለምወርቅም ይህን ወግ ለማየት ሲመኙ ነው የኖሩት። ታዲያ አማቻቸው አክሊል ክፍሉን ሊያይ መጥቶ አንዲት ጊንጥ በጫማው ጫፍ ስታልፍ አየ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ ቃሉን መርጦ ተናገረ።

«እማማ፣ ቅር እንዳይልዎት። ጊንጥ ያለበት ቤት አራስና ጨቅላ አላመጣም። እኛው ቤት ትታረሳለች።»

«ጊንጡን አጠፋዋለሁ» አሉት።

እትዬ ተናግረው የሚቀሩ ሴት አይደሉም። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በሲሚንቶ መረጉ። ከበሩ ሥር ላለው ክፍተት ጎማ አስመቱ። አልጋውን ከግድግዳ አራቁ፤ ብርድ ልብሱ መሬት እንዳይነካ ጠርዙን አጠፉ። ግድግዳ ተደግፎ የኖረውን የባሕር ዛፍ ማገዶ አጥሩ ጋ ወስደው ከመሬት ከፍ አድርገው ከመሩት። ሣሩን አሳጨዱ። ጫማውን ሳያራግፍ የሚያደርግ ሰው ካዩ ይቆጣሉ፤ እኔንም በገዛ ቤቴ ተቆጥተውኛል። ያም ሆኖ በሳምንቱ ጊንጥ ተገኘ፤ ከዚያም ሌላ።

ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጓሮ ውስጥ የድንጋይ ክምር አለ። ሟች ባላቸው አቶ ዓምሃ ግንበኛ ነበሩ፤ ለናዝሬት አንድ ክፍል ሊሠሩላት ከየሥራቸው የተረፈውን ድንጋይ እያመጡ ከመሩ፤ ሳይጀምሩትም ሞቱ። ክምሩ የጊንጥ ቤት ከሆነ ቆይቷል። ግን የሟች አደራ ነው፤ ማን ይድፈር? እኔም ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። በመጨረሻ አላስችል አለኝና አጥሩ ጋ ቆሜ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ቤቱን ሲደፍኑ ሲደፍኑ ጓሮውን ለጊንጥ ለቀቁለት እኮ።»

«የዓምሃ ድንጋይ ነው።»

«የጊንጥ ሆኗል።»

አኮረፉኝ። ሰላምታዬን እንኳ በግማሽ አፍ ነበር የሚመልሱት። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሳቸው ታች ወዳለው ባለሱቅ፣ ወደ ቡሽራ ወረዱ። የመንደራችንን መንገድ ዝናብ እየናደው ተቸግረን ስለነበር፣ እሱ ለሚያስተባብረው የመደገፊያ ግንብ ድንጋዩን መጥቶ እንዲወስድ ነገሩት።

ቡሽራ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ጓንትና ቦቲ አድርጎ መጣ። በዶማ እየፈነቀሉ ያነሳሉ፤ እትዬ የዓለምወርቅ ዱላ ይዘው የሚወጣውን ይመታሉ። የታችኛው ድንጋይ ሲነሳ አንዲት ትልቅ ጊንጥ ብቅ አለች። ነጫጭ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አዝላለች። የእትዬ ዱላ እንደተነሳ ቀረ።

«እኔ ልምታት፣ እትዬ?» አላቸው ቡሽራ።

«ተው፣ እኔው እመታታለሁ» አሉት። ከዚያ ወደ ጊንጧ ጎንበስ ብለው «ምን ላድርግሽ፤ የኔም ልጅ ልትወልድ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። መቷት።

የመጨረሻው ድንጋይ ተጭኖ ሲሄድ ባዶው መሬት ላይ ቆመው አለቀሱ። አላባበልናቸውም፤ የሚያስለቅስ ነገር ነበር። ሲጨርሱ መጥረጊያ አምጡልኝ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጊንጥ አልታየም። አክሊልም እየተመላለሰ ካየ በኋላ እሺ አለ። ናዝሬት ሆዷ ገፍቶ፣ ጓዟን አስይዛ መጣች። ጓሮውን ስታይ ግን ባለችበት ቆመች።

«የአባዬ ድንጋይስ?»

«ቦታ ለቀቀልሽ» አሏት እናቷ። «ነይ ግቢ።»